ያ ሁሉ ፎቅ በማን ብር ተሰራ? የዱባይ ሒሳብ በቀላሉ

ዱባይ ሲባል ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ስዕል አንድ ነው፣ ነዳጅ የተረፋቸው ሼኮች ብሩን የሚያደርጉበት ሲያጡ በረሃው ላይ ፎቅ ደረደሩበት የሚል። ባህር ውስጥ የዘንባባ ቅርጽ ያለው ደሴት፣ ውጪው እየነደደ ውስጡ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ሞል፣ ውስጡ በወርቅ የተለበጠ ሆቴል፣ ምናምን። ለምን ሰሩት ሲባል "ስላላቸው ነዋ" ይባልና ወሬው ያልቃል። እኔ ግን ዱባይ እንደዛ የምትገነባው ነዳጁ ስላነሳት ነው ባይ ነኝ፣ ብሩም በአብዛኛው የመሬትና የብድር ብር ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ (ዓመቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ ነገር ዱባይ ሀገር አይደለችም፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከሚባሉት ሰባት ግዛቶች አንዷ ናት፣ ዋና ከተማውም አቡዳቢ ነው። ከሀገሪቱ ነዳጅ ውስጥ 95 በመቶ ገደማው ያለው አቡዳቢ ጋ ነው። ዱባይ የራሷን ነዳጅ ያገኘችው በ1966 ነው፣ ባህር ውስጥ፣ በ1969 የመጀመሪያው መርከብ ጭኖ ወጣ፣ በ1991 አካባቢ ምርቱ በቀን 400 ሺህ በርሜል ገደማ ደረሰና ከዛ በኋላ ቁልቁል ነው የሄደው። ዛሬ ከዱባይ ኢኮኖሚ ውስጥ የነዳጅ ድርሻ 2 በመቶ እንኳን አይሞላም። እና በዓለም ረጅሙን ህንጻ ቡርጅ ከሊፋን አይቶ "ነዳጅ እኮ ነው" የሚል ሰው ዱባይን ከጎረቤቷ ጋ አምታቷታል ማለት ነው።

የሚገርመው ተበድሮ መገንባትን የጀመሩት ነዳጁ ከመገኘቱም በፊት ነው። ዱባይን ለሁለት የሚከፍላት ወደ ውስጥ የገባ ባህር አለ፣ ክሪክ ይሉታል፣ ለዕቃ ዴራ የተመላለሳችሁ ነጋዴዎች በደንብ ታውቁታላችሁ፣ የእንጨት ጀልባዎቹ ፍሪጅና ጎማ ጭነው የሚቆሙበት። በ1950ዎቹ ይሄ ክሪክ በአሸዋ እየተደፈነ ጀልባ አላስገባም አለ። ገዢው ሼክ ራሺድ ቢን ሰኢድ አል መክቱም ከኩዌት ብድር ወስደው አስቆፈሩት፣ ያኔ ዱባይ መብራት እንኳን በወጉ ያልገባላት ከተማ ናት። ክሪኩ ጠልቆ ትላልቅ ጀልባ መግባት ሲጀምር የጎረቤቷ ግዛት የሻርጃ ክሪክ ደግሞ እየተደፈነ ስለነበር ንግዱ ጠቅልሎ ወደ ዱባይ ዞረ፣ ብድሩም ተከፈለ። ሰውየው ከዚህ የተማሩት ነገር ግልጽ ነው፣ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ አድርገህ ስራው፣ ሰው ራሱ ይመጣል።

ነዳጁ ሲመጣም እሱኑ ነው በትልቁ የደገሙት። በ1972 ራሺድ ወደብ ተከፈተ፣ እሱ ሳይበርድ በ1979 ጀበል አሊ የሚባለው ግዙፍ ወደብ ከከተማው ርቆ ባዶ አሸዋ ላይ ተከፈተ፣ በዛው ዓመት ባለ 39 ፎቁ የንግድ ማዕከል ወደ አቡዳቢ በሚወስደው መንገድ ዳር ብቻውን ቆመ። ያኔ ይሄን ህንጻ ማን ሊከራየው ነው ብለው የሳቁ ብዙ ነበሩ፣ ዛሬ በዙሪያው በበቀሉት ፎቆች መሃል ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። በ1985 ጀበል አሊ ላይ ነጻ የንግድ ቀጠና ከፈቱ፣ በዛው ዓመት ኤምሬትስ አየር መንገድ ከፓኪስታን በተከራያቸው ሁለት አውሮፕላኖች ስራ ጀመረ። በቃ ነዳጁ የሰራው ስራ ይሄ ነው፣ ወደብ፣ መንገድ፣ ኤርፖርት፣ የመነሻ ካፒታል በሉት። ሌላው በሙሉ ከዛ በኋላ የመጣ ጨዋታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ መሬት። በዱባይ ያልተያዘው በረሃ በአብዛኛው በገዢው ሼክ እጅ ያለ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ባዶ በረሃ ዋጋ የለውም፣ ውሃ የለ፣ መብራት የለ፣ ጥላ የለ፣ ማን ይገዛዋል። ስለዚህ ጥያቄው ይሄን አሸዋ እንዴት አድርገን ብር እናድርገው ነው። መልሱ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው በ2002 የወጣው ውሳኔ ነው፣ የውጭ ሀገር ዜጋ በተወሰኑ ሰፈሮች ቤት በስሙ ገዝቶ ካርታ መያዝ ይችላል ተባለ፣ ባህረ ሰላጤው አካባቢ ያኔ እንደዚህ አይነት ነገር ያልተለመደ ነው፣ በ2006 ደግሞ በህግ ጸደቀ። ከዛ በኋላ ህንዱም እንግሊዙም ኢራኑም ሩሲያውም ብሩን ይዞ መጣ። ሁለተኛው መልስ ከመሬቱ አጠገብ ዓለም የሚያወራለት ነገር ማቆም ነው። መሬቱን ከመንግስት ወስደው እንዲገነቡበት የተቋቋሙት እንደ ናኪልና ኤማር ያሉ ድርጅቶች ናቸው፣ ናኪል ሙሉ በሙሉ የመንግስት፣ ኤማር ደግሞ መንግስት ድርሻ ያለው አክሲዮን።

ሽያጩ እንዴት ነው? ገና ያልተሰራ ቤት ነው የሚሸጠው። ፕላኑና ማኬቱ ይታያችኋል፣ 10 በመቶ ትከፍላላችሁ፣ ቀሪውን ግንባታው እየሄደ በየጊዜው። ድርጅቱ የሚገነባው በናንተ ብርና በባንክ ብድር ነው፣ የራሱ ዋና መዋጮ መሬቱ ነው። እቁብ በሉት፣ ግን ሰብሳቢው ሁሌ የመጀመሪያውን ዕጣ የሚወስድበት እቁብ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ነገሩ ከዚህም ከረረ፣ ሰው 10 በመቶውን ከፍሎ ወረቀቱን ይይዝና ሁለተኛው ክፍያ ሳይደርስ አትርፎ ለሌላ ይሸጠዋል፣ ያም ለሌላ፣ መሰረት ሳይቆፈር ባለቤቱ ሶስት አራቴ የተቀያየረ አፓርታማ ነበር። ማንም ቤት ሊኖርበት አልገዛም፣ ሁሉም ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው የሚጠብቀው።

ይሄን ይዛችሁ ባህር ውስጥ ያለውን የዘንባባ ደሴት፣ ፓልም ጁሜይራን እዩት። ለምን ዘንባባ? ውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሒሳብ ነው። የባህር ዳር ቪላ ከሌላው በብዙ እጥፍ ይሸጣል፣ የዱባይ የተፈጥሮ ባህር ዳርቻ ግን አጭር ነው። ክብ ደሴት ብትሰሩ ዙሪያው ብቻ ነው ባህር የሚነካው፣ መሃሉ ተራ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ዘንባባ አድርጋችሁ 17 ቅርንጫፍ ብትዘረጉለት ግን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በግራም በቀኝም ባህር ይነካል፣ ሁሉም ቪላ ከጓሮው የራሱ አሸዋማ ዳርቻ ይኖረዋል።

ስራው በ2001 ተጀመረ፣ ወደ 94 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ አሸዋ ፈጀ። አሸዋው ከየት መጣ መሰላችሁ፣ ከበረሃው አይደለም! የበረሃ አሸዋ ነፋስ ዕድሜ ልኩን ሲያንከባልለው የኖረ ስለሆነ ፍሬው ድቡልቡልና ልስልስ ነው፣ እርስ በርሱ አይያያዝም፣ ውሃ ውስጥ ብትደፉት ይሸሻል፣ ለኮንክሪትም ቢሆን አይሆንም። ስለዚህ የሆላንድ ኩባንያ መርከቦች ከባህረ ሰላጤው ወለል አሸዋ እየመጠጡ አምጥተው ከአፍንጫቸው ወደ አየር ይተፉታል፣ ቀስተ ደመና ሰርቶ ይወርዳል፣ መርከቡ የት ላይ እንደሚተፋም በሳተላይት ነው የሚመራው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ከውጪ በኩል ማዕበል የሚመልስ 11 ኪሎ ሜትር የድንጋይ ግንብ በግማሽ ክብ ተሰራለት። እዚህ ጋ አንድ ነገር መጣ፣ ግንቡ ድፍን ስለነበር ውስጥ ያለው ውሃ ከባህሩ ጋ በደንብ አልተቀያየር አለ፣ ቆሞ መሽተት ሊጀምር ነው፣ ስለዚህ ግንቡን ሁለት ቦታ ላይ ከፍተው ውሃ እንዲመላለስ አደረጉ። ከዛ ደግሞ የተተፋው አሸዋ ገና ልል ነው፣ ቤት ቢቆምበት ይሰምጣል፣ የሚንቀጠቀጥ ረጅም ብረት ወደ ውስጥ እየሰደዱ ጠቀጠቁት። ሙሌት ላይ ቤት የሰራ ሰው ይሄን ስጋት ያውቀዋል።

ገዢዎቹ ቁልፍ ሲረከቡ ያዘኑበት ነገር ሌላ ነው፣ ወጪው ሲንር ኩባንያው የቪላውን ቁጥር ጨምሮ ጎን ለጎን አጣብቆ ሰርቷቸው ነበር። የግል ዳርቻ ብሎ በሚሊዮን የገዛው ሰው መስኮቱን ሲከፍት የጎረቤቱ ሳሎን ነው የሚታየው። ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ ስታዩ ቤቶቹ የተደረደሩበትን ልብ በሉ።

ቡርጅ ከሊፋም ያው ሒሳብ ነው፣ ግን ወደ ላይ። በ2004 መጀመሪያ ላይ ስራው ሲጀመር ስሙ ቡርጅ ዱባይ ነበር፣ የኤማር ፕሮጀክት ነው፣ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈጀ ይባላል። 828 ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ሰው የሚገባበት የመጨረሻው ወለል 585 ሜትር አካባቢ ላይ ያልቃል፣ ከዛ በላይ ያለው 244 ሜትር ማንም የማይኖርበት ሹል ጫፍ ነው። ያ ጫፍ ብቻውን አዲስ አበባ ላይ ቢተከል ከንግድ ባንክ አዲሱ ህንጻ ይበልጣል። ታዲያ ይሄ ኪሳራ አይደለም ወይ? ለህንጻው ለብቻው ካሰላችሁት ሊሆን ይችላል፣ ኤማር ግን ህንጻውን ለብቻው አላሰላውም። በዙሪያው ያለው ዳውንታውን የሚባለው ሰፈር፣ ዱባይ ሞል፣ ሆቴሎቹ፣ በሺህ የሚቆጠረው አፓርታማ የሱ ነው። እስካሁን ድረስ የዱባይ የቤት ማስታወቂያ ላይ "ቡርጅ ቪው" የሚል ቃል ታያላችሁ፣ መስኮቱ ህንጻውን ካሳየ ኪራዩ ይጨምራል። እንደኔ ግንቡ በዓለም ትልቁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው።

ኢንጂነሪንጉን ግን ማድነቅ ግድ ነው። ከስር 192 ፓይል (ወደ መሬት የጠለቀ የኮንክሪት ምሰሶ) አለው፣ ውፍረታቸው 1.5 ሜትር፣ ርዝመታቸው ከ40 ሜትር በላይ፣ መሬቱ ጨዋማ ውሃ ስላለውና ፌሮውን ስለሚበላው ከዝገት የሚከላከል ኤሌክትሪክ ጭምር ገብቶለታል። ቅርጹ ከላይ ሲታይ ሶስት ክንፍ አለው፣ ክንፎቹ መሃሉን ደግፈው ይይዙታል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ በየተራ እያጠሩ ይሄዳሉ፣ ይሄም ለነፋሱ ነው፣ በየከፍታው ቅርጹ ስለሚለያይ ነፋሱ አንድ አይነት ምት አግኝቶ ህንጻውን ሊያወዛውዘው አይችልም። ኮንክሪቱ ከ600 ሜትር በላይ በፓምፕ ተገፍቶ ወጣ፣ በጊዜው ሪከርድ ነበር። በበጋ ቀን ላይ ብታፈሱት ቱቦው ውስጥ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ማታ ማታ፣ ውሃው ላይ በረዶ እየጨመሩ ነው የሞሉት።

ማን ሞላው? ከህንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከኔፓል የመጡ ወንዶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ለደላላ ለመክፈል ሀገራቸው ላይ ተበድረው የመጡ። ማለት ብድሩ ከላይ እስከ ታች ነው፣ ኩባንያውም ተበድሯል፣ ቤት ገዢውም ተበድሯል፣ ፌሮ አሳሪውም ተበድሯል። በ2006 መጋቢት ላይ የዚሁ ህንጻ ሳይት ላይ ወደ 2,500 ሰራተኞች በደሞዝና በአያያዝ ተቆጥተው መኪናና ቢሮ ሰባበሩ፣ በጊዜው የቀን ሰራተኛ የሚያገኘው በቀን 4 ዶላር አካባቢ እንደነበር ተዘግቧል። ማህበር መመስረት ክልክል ነው። በበጋ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት (ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ነው) ጸሀይ ላይ ማሰራት አይቻልም የሚል ህግ ግን አለ።

የኛ ሰዎችስ? የኛዎቹ በአብዛኛው ሳይት ላይ ሳይሆን ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚገቡት። የዱባይን የቤት ማስታወቂያ ካያችሁ "ሶስት መኝታ ፕላስ ሜይድ" የሚል አለ፣ ፕላስ የተባለችው ከኩሽናው ጀርባ ወይም ከላውንደሪው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ አልጋ ከገባባት ሻንጣ የሚቀመጠው አልጋ ስር ነው። ዓረብ ሀገር እህት ያለው ሰው ፓልም ጁሜይራ ሲባል መጀመሪያ ሊያስበው የሚገባው ያቺን ክፍል ነው፣ አርክቴክቱ ገና ከመጀመሪያው ፕላን ላይ አስቧታል፣ ማለት ሰራተኛዋ ያለችው ቤቱ ሳይሰራ ነው።

ወደ ብሩ እንመለስ። በ2008 የዓለም ባንኮች ሲናጉ ብድር ቆመ፣ ብድር ሲቆም "ከኔ ቀጥሎ የሚገዛ" የሚባለው ሰው ጠፋ። የቤት ዋጋ በግማሽ ገደማ ወረደ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊረዝም የነበረው የናኪል ግንብ በ2009 መጀመሪያ ቆመ፣ 300 ደሴት ሆኖ በዓለም ካርታ ቅርጽ የተሰራው ዘ ወርልድ የሚባለው ደግሞ አሸዋው ተደፍቶ አልቆ ገንቢ አጥቶ ባህር መሃል ቀረ። ዕዳ ያለበት የውጭ ዜጋ ደግሞ እዛ የሚፈራው እስር ነበር፣ ቼክ ከተመለሰ ያኔ ወንጀል ነበር፣ ስለዚህ መኪናውን ኤርፖርት ፓርኪንግ ትቶ የበረረ ሰው ወሬ ዓለም ሁሉ ሰምቶታል።

ከዛ በህዳር 2009 የናኪል እናት ድርጅት ዱባይ ወርልድ ለአበዳሪዎቹ ስድስት ወር ታገሱኝ አለ፣ ጉዳዩ ያለው ዕዳ ወደ 26 ቢሊዮን ዶላር ነው። ገበያው ደነገጠ፣ ሁሉም ሰው እስከዛ ቀን ድረስ "መንግስት ከኋላቸው አለ" ብሎ ነበር ያበደረው፣ መንግስት ግን ዋስ አይደለሁም አለ። የናኪል 4.1 ቢሊዮን ዶላር የሚከፈልበት ቀን ታህሳስ 14 ነበር፣ በዛው ቀን ማለዳ አቡዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ሰጠች ተባለ። ሶስት ሳምንት አልፎ ጥር 4 ቀን 2010 ማታ ህንጻው ሲመረቅ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቡርጅ ዱባይ ሲባል የኖረው ግንብ ስሙ ቡርጅ ከሊፋ ሆኖ ተገለጠ፣ ሼክ ከሊፋ የአቡዳቢው ገዢና የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ለስሙ ለውጥ ምክንያቱን በይፋ የነገረን የለም፣ ማስላት ግን አይከብድም። እና አዎ፣ በመጨረሻ የነዳጅ ብር ገባ፣ ግን የጎረቤት ነዳጅ ነው፣ የገባውም ለመገንባት ሳይሆን ዕዳ ለመክፈል ነው።

አንድ የማልረሳው ነገር የፍሳሹ ጉዳይ ነው። ፎቁ ሲፈላ ከስር ያለው ቱቦ አልደረሰበትም፣ ብዙ አዳዲስ ሰፈር ከፍሳሽ መስመር ጋ አልተገናኘም ነበር፣ ስለዚህ ከየህንጻው ስር ካለው ጉድጓድ በቦቴ እየተመጠጠ አል አዊር ወደሚባለው ማጣሪያ ይሄዳል። በ2008 ቦቴዎቹ ለሰዓታት ይሰለፉ ነበር፣ ሾፌሩ የሚከፈለው በምልልስ ነው፣ አንዳንዱ መጠበቅ ሰልችቶት ሌሊት የዝናብ ውሃ መውረጃ ውስጥ ደፋው፣ መውረጃው ደግሞ መጨረሻው ባህር ነው፣ ጁሜይራ ዳርቻ፣ ሰው በብዙ ሺህ ዶላር ሊዋኝበት የመጣበት። ከመሬት በታች ያለ ቱቦ ፎቶ አይነሳም፣ የጎረቤቱን መሬት ዋጋም አያንርም፣ ስለዚህ ኋላ ቀረ። ሚያዝያ 16 ቀን 2024 የጣለው ዝናብም እሱኑ ነው ያሳየው፣ በ75 ዓመት ውስጥ ያልታየ ዝናብ ነበር፣ ኤርፖርቱ ሐይቅ ሆነ፣ አውሮፕላን ውሃ ላይ ሲሄድ አየን። ከሁለት ወር በኋላ 30 ቢሊዮን ድርሃም የሚፈጅ የዝናብ ውሃ ማፋሰሻ ፕሮጀክት ታወጀ፣ በ2033 ነው የሚያልቀው።

አሁን ገበያው መልሶ ጦፏል፣ ከ2008ቱ በኋላ ቆሞ የነበረው ሁለተኛው ዘንባባ፣ ፓልም ጀበል አሊ፣ በ2023 እንደ አዲስ ተጀምሯል። አንድ የተለወጠ ነገር አለ፣ በ2007 በወጣ ህግ ቤት ገዢው የሚከፍለው ብር ገንቢው እጅ ሳይሆን ለዛ ፕሮጀክት ብቻ በተከፈተ ዝግ አካውንት ነው የሚገባው፣ ገንቢውም ስራው በሄደው ልክ እየተለካለት ነው የሚያወጣው። ህጉ ሲወጣ ብዙ ብር ቀድሞ ፈሶ ነበር፣ አሁን ግን ጠበቅ ብሎ ይሰራበታል።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለዱባይ ብቻ ብዬ አይደለም። ኤማርን የመሰረቱት መሐመድ አላባር በሚመሩት ኢግል ሂልስ በኩል በ2018 እኛው ለገሃር ድረስ መጥተዋል፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ። ከሳቸውም ውጪ አዲስ አበባ ላይ በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ የሚል ማስታወቂያ ስልካችሁን ሞልቶታል፣ ማኬቱ፣ መዋኛ ገንዳው፣ ሰማይ የነካው ፎቶ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግራናይቱንና ሊፍቱን ትታችሁ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፣ ብሬ የሚገባው የማን አካውንት ውስጥ ነው፣ ከዛ የሚወጣውስ ምን ሲሰራ ነው። ሻጩ መልሱን በጽሁፍ ካልሰጣችሁ ሻዩን ጠጥታችሁ ውጡ።